የታጠበው ምሳ ዕቃ

«መግቢያ ነፃ ነው» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ስለ መውጫው ግን አንድም ቃል አላሰፈርኩም። በዕድሜዬ ካደረግኳቸው ቂልነቶች ውስጥ፣ እነሱም ጥቂት አይደሉም፣ ይሄኛው ይበልጣል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወልቂጤ ውስጥ የአንድ ወዳጄን ባዶ ሱቅ በውሰት ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለፈለገ ሰው አስተምራለሁ። የማስተምረው ፈጠራን ነው። ሰው ተቀምጦ መላ እስኪመጣለት የሚጠብቅበትን ዓይነት አይደለም፤ መላውን በሥርዓት ሄዶ የሚፈልግበትን ዘዴ ነው። ወጣት ሳለሁ የብረታ ብረት ሥራ እንድማር ሶቪየት አገር ልከውኝ ነበር። ይዤ የተመለስኩት አንድ ብርድ ልብስ፣ ጥቂት የተሰበረ ሩሲያኛና ይህን ዘዴ ነው። ብርድ ልብሱ አልቋል። ሩሲያኛውም እንደዚያው።

የዘዴው ዋና ቃል «ተቃርኖ» ነው። አንድ ዕቃ ጠንካራም ቀላልም መሆን ሲኖርበት፣ አንዱን ስትጨምር ሌላው ሲጎድልብህ፣ ተቃርኖ አገኘህ ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ከዚህም ከዚያም ትንሽ ቆርጦ ያስታርቃል። ዘዴው ግን አትደራደር፣ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ አምጣ ይላል። እኔም ለቅዳሜው ትምህርት በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ተቃርኖን ያለ ድርድር እንፈታለን። ቅዳሜ ከሰዓት። መግቢያ ነፃ ነው።»

ከቡታጅራ፣ ከእህቴ ቤት፣ የተመለስኩት በዋዜማው አመሻሽ ነበር። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር ማን ምን እንዳለ ሳልሰማ ተኛሁ። ጠዋት ተነስቼ ዱቄት በውሃ በጥብጬ፣ ማጣበቂያዬን በቆርቆሮ ይዤ ወጣሁ። ባጃጅ የለም። ሱቅ አልተከፈተም። ትልቅ ሰው ሞቶ ይሆናል ብዬ አዘንኩ። ለካ ከተማው ጥያቄ አለኝ ብሎ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ቤቱ የዋለበት ቀን ነው። ጥያቄውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም ከእኔ ባይሰማው ይሻላል፣ እኔ ማስታወቂያ እንኳ በቅጡ መጻፍ አልችልም። በዚያ ጠዋት መንገድ ላይ የነበርነው እኔ፣ ሁለት ውሾችና አንድ የፖሊስ መኪና ነን። ውሾቹ ማንበብ አይችሉም።

ጣቢያ ከወሰዱኝ በኋላ የጠየቀኝ ሰውዬ ልብሱ የሲቪል፣ ጫማው የሌላ ነበር። ወረቀቴ ማጣበቂያው እንደረጠበ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«የትኛው ተቃርኖ ነው?» አለኝ።

«ማንኛውም» አልኩት።

«ያለ ድርድር ያልከው፣ ከማን ጋር?»

አስተማሪ ሲጨንቀው ምሳሌ ይፈልጋል። እኔም ምሳሌ ፈለግኩና ቢላ አገኘሁ። ቢላ ሥጋውን መቁረጥ አለበት፣ እጅን ደግሞ መቁረጥ የለበትም፣ ስለዚህ ስለቱን በቦታ እንለየዋለን ብዬ ማብራራት ጀመርኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ ሲያየኝ ምን እንዳልኩ ገባኝ። ጎንበስ ብሎ አንዲት ቃል ጻፈ። ፊደል ተገልብጦም ማንበብ እችላለሁ፤ «ቢላ» ትላለች።

የወሰዱኝ ከከተማው ዳር ወዳለ መጋዘን ነው። በሩ ተከፍቶ ገፋ ሲያደርጉኝ መጀመሪያ ያገኘኝ ጨለማው ሳይሆን ሽታው ነበር። ማስነጠስ ያዘኝ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል፣ ዓይኔ በእንባ ተሞላ፣ አፍንጫዬ ይፈሳል። ከጥጉ አንድ ድምፅ በእርጋታ «የማረቆ ነው» አለ። «ዛላው የወጣው ቆይቷል። ብናኙ ግን ግድግዳው ውስጥ ገብቷል።» መጋዘኑ የበርበሬ ነበር ለካ። በኋላ እንደነገሩኝ ጠባቂዎቹ አዲስ ገቢ መኖሩን የሚያውቁት በማስነጠሱ ነው። ማስነጠስ ስታቆም የቤቱ ሰው ሆነሃል።

ያን ያለኝ የቡታጅራ በርበሬ ነጋዴ ነው። ሐጂ እንለዋለን፣ ስም አልጠራም። በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ በትዕግሥት ግን ታላቄ። ለምን እንደታሰረ ስጠይቀው «በፊተኛው አድማ ሱቄን በመዝጋቴ» አለኝ። እኔ ደግሞ የታሰርኩት የሰው ሱቅ በር ላይ በመለጠፌ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ረጅም ባለ ባጃጅ አለ። አፉ የአዲስ አበባ፣ ልቡ የወልቂጤ የሆነ ልጅ ነው፤ እኔን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ «ፋዘር» ይለኛል። የቤቱ ግድግዳ ጭቃ ነው፣ የበሩ ወገን ብቻ ቆርቆሮ፤ በቆርቆሮው ላይ ምስማር ወልቆ የቀረች ቀዳዳ አለች፣ የውጩን በርና አንድ ግራር ታሳያለች። ቁመት የምትፈልግ ቀዳዳ ስለሆነች ባለቤቷ እሱ ነው። አራተኛው የቸሃ ሰው ነው፣ የሚኒባስ ሾፌር። ብዙ አያወራም።

ከግድግዳው ሥር ደግሞ ባለቤት የሌለው አንድ ጥንድ ጫማ ነበር።

የጫማውን ነገር ያስረዳኝ ሐጂ ነው። አመሻሹ ላይ አንዲት ናፍጣ መኪና ትመጣለች። ሞተሯ ሳይጠፋ በሩ ይከፈታል፣ ስም ይጠራል። የተጠራው «ዕቃህን ያዝ» ከተባለ ወደ ቤቱ ነው። «ዕቃህን ተወው» ከተባለ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ባለ ጫማው ወጣት «ዕቃህን ተወው» ተብሎ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ምግብ ገባ። አንዱ ጠባቂ ምሳ ዕቃዎቹን በር ላይ ይደረድርና የየባለቤቱን ስም ይጠራል። የወጣቱንም ስም ጠራ። ማንም አቤት አላለም። ጠባቂው ቢጫ፣ አበባ የተሳለበት ምሳ ዕቃ ወደ ውስጥ ገፋና ሄደ። እንዳልመጣ አያውቅም ይሁን፣ እንዳያውቅ ታዝዞ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። የወጣቱ እናት ናት የምታመጣው። ልጇ ከተወሰደ ቆይቷል፣ እሷ ግን በየቀኑ በር ላይ ቆማ ያመጣችውን እንድትቀምስ ይነገራታል፣ ትቀምሳለች፣ ታስገባለች፣ ባዶውን ተቀብላ ግራሩ ሥር አረፍ ብላ ትሄዳለች። የተረፈ ምግብ ወደ ውጭ አይወጣም፤ መመለስ የሚችለው ባዶ ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ እንበላላታለን።

ለምን አትነግሯትም አልኩ፣ አዲስ ሰው አይደለሁ። ባለ ባጃጁ ወደ ቀዳዳዋ በአገጩ አመለከተና ከእኔ በፊት አንዱ በእሷ በኩል ጮኾ እንደነበር ነገረኝ። ሰውየው የሆነውን ሆነ፣ ከዚያ ለስንት ቀን ለማንም ምግብ አልገባም። ወረቀት ይፈተሻል። ቆጮው በሽቦ ይወጋል። በዚያ ሰሞን ደግሞ የሚገባ እንጂ የሚወጣ ሰው አልነበረም።

ቀኑ ረጅም፣ ቆርቆሮው ትኩስ ስለሆነ ምን ታስተምር ነበር አሉኝ። እኔም ምላሴ አያርፍም፣ የዘዴውን አባት ታሪክ ጀመርኩላቸው። ሩሲያዊው አስተማሪዬ በር ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደነገረኝ ነው የነገርኳቸው። ሰውየው ገና ልጅ እግር ሳለ የባሕር ኃይል ውስጥ ሰዎች ፈጠርን እያሉ የሚያመጡትን እየመረመረ ይውላል። ብዙ ሲያይ አንድ ነገር ታየው። የፈጠራው ዓይነት ስፍር ቁጥር የለውም፣ የመላው ዓይነት ግን ጥቂት ነው። የሐኪሙ መላ የአንጥረኛው መላ ነው፣ እርስ በርስ ስለማይተዋወቁ ሁለቱም በየቤታቸው እንደ አዲስ ይደክማሉ። እነዚህን መላዎች ሰብስቦ ለሰው ሁሉ ማስተማር ይቻላል ብሎ አሰበ። ከዚያ ለአገሩ ገዢ ደብዳቤ ጻፈ፣ የፈጠራ ሥራችን መላ ቅጡ ጠፍቶታል፣ ማስተካከያውም ይኸውላችሁ ብሎ። ደብዳቤው ደረሰ። መልሱ በመኪና መጣ።

«እኔና እሱ የምንለያየው በቴምብር ብቻ ነው» አልኳቸው።

አሰሩት። ሌሊት ሲመረምሩት ያድራሉ፣ ቀን መተኛት ክልክል ነው። በሩ ላይ ባለችው ቀዳዳ ዘበኛ ያየዋል፤ ዓይኑ ከተከደነ ይመታል። ሰውየው የራሱን ዘዴ በራሱ ላይ አወጣው። ዓይኔ መከፈት አለበት፣ ዓይኔ መከደን አለበት። ግማሽ ልክደን ቢል ድርድር ነው፣ ዱላም አይቀርለትም። ስለዚህ ለያየው፤ የሚከፈተው ለዘበኛው፣ የሚከደነው ለእኔ። ከሲጋራ ፓኮ ወረቀት ቀደደ፣ በተቃጠለ ክብሪት ብሌን ሳለበት፣ በምራቁ የዓይን ቆቡ ላይ ለጠፈው። አንድ የእስር ጓደኛው ፊት ለፊቱ እየተንጎራደደ የሚያወራው ይመስላል፣ እሱ ተቀምጦ ይተኛል።

«ፋዘር፣ ይሄ ፊልም ነው» አለ ባለ ባጃጁ።

ሐጂ የጠየቀው ሌላ ነበር። «ሠራለት?»

«ተኛ ነው የሚባለው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ጎረቤቱ እንደተኛ ሁሉ።

ከዚያ እኔ ገፋሁበት። በእጅህ ያለውን ተጠቀም፣ የሌለህን አትመኝ የሚል አንድ መላ አለ ስል፣ ሐጂ ይህንንስ እናውቀዋለን አለ። ውሃ ባይኖር ለሶላት በንፁህ አፈር መታበስ እንደሚበቃ አስረዳን፤ ተየሙም ይባላል። ጉዳትን ወደ ጥቅም መልስ የሚለውን ሳመጣ ደግሞ እንሰቱን ጠቀስኩ። መበስበስ የምግብ ጠላት ነው፣ እኛ ግን ጉድጓድ ቆፍረን፣ ቀብረን፣ መበስበሱን ሾምነው፣ ቆጮ አደረገልን። ተሳሳቅን። እስር ቤት ውስጥ ያሳቀ አስተማሪ ደግሞ ልኩን አያውቅም፣ በዚህ ዘዴ የማይፈታ የለም አልኩ።

ይህን ጊዜ ነው የቸሃው ሰው ከግድግዳው የተነሳው።

«እንግዲያው ጋሼ፣ የኔን ይፍቱልኝ።»

ቀስ ብሎ ነው ያስረዳን። የአገር ሽማግሌዎችን በሚኒባሱ ጭኖ ወደ አንድ ስብሰባ ወስዶ ነበር። ማን ማን እንደነበሩ ተጠይቆ አልተናገረም። እንደማይናገር እሱም ያውቃል፣ እነሱም አውቀውታል፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ ነው መኪናዋ ለእሱ የምትመጣው። «እሱን ተዉት» አለ። «የኔ ነገር ሚስቴ ናት።» ወደ ቢጫው ምሳ ዕቃ ተመለከተ። «እንደዚች እናት እንድትሆን አልፈልግም። የሄድኩ ዕለት ካወቀች ሽማግሌ አስነስታ ከጣቢያ ጣቢያ ትዞራለች፣ ሰው ገና ትኩስ ሳለ ይገኛል። ከሰነበተ ግን መልሱ ‹እኛ ጋ አልመጣም› ነው። እዚህ በር ላይ ቆጮ እያቀበለች እኔ እጠፋለሁ።»

ሚስቱም በየቀኑ ከቸሃ ትመጣለች። ነጭ የብረት ምሳ ዕቃ።

ወደ እሱ ጠጋ አልኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ተቃርኖውን ጮክ ብዬ አወጣሁት። ምሳ ዕቃው መናገር አለበት፣ አለዚያ አታውቅም። ምሳ ዕቃው መናገር የለበትም፣ አለዚያ ጠባቂው ያውቃል። ድርድር የለም። መፍትሔውንም ወዲያው አገኘሁና ኩራቴ ለጥቂት ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር አላጋጨኝም። ቆጮው የሚጠቀለልበት የኮባ ቅጠል አለ አይደል፣ በጥፍር ብንጭረው አሁን አይታይም፣ ሲውል ይጠቁራል፣ እቤቷ ስትደርስ ፊደል ሆኖ ታገኘዋለች።

ባለ ባጃጁ በሀዘኔታ አየኝ። «ፋዘር፣ ቅጠሉን እኮ በር ላይ ነው የሚያስጥሉን።»

አዎ፣ ያስጥሉናል። ራሴ ሦስት ጊዜ ጥያለሁ።

ከዚህ በኋላ ትንሽ ትሕትና ተሰማኝና መጠየቅ ጀመርኩ። ዘዴው ፍጹሙ መፍትሔ ምንም ሳይጨመርበት ሥራው በራሱ የሚሠራበት ነው ይላል። እኛ ሁላችን የምናስበው ምን እንጨምር፣ ምን እንጫር ነው፤ ጠባቂው ደግሞ የሚፈልገው የተጨመረ ነገር ነው። ይገለበጥ። ብንቀንስስ? ምሳ ዕቃው እንዴት ሆኖ ነው የሚመለሰው ብዬ ጠየቅኩ። እንደተበላበት አለኝ ሾፌሩ፣ በላዩ ላይ ጎመኑ ደርቆ። ለመጠጥ የማይበቃ አንድ ጀሪካን ውሃ ለቀኑ ተሰጥቶን ማን ዕቃ ያጥባል።

«እቤትህስ?»

ሳቀ። ከገባሁ ጀምሮ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ የሚጣሉት በዚሁ እንደሆነ ነገረን። የበላበትን ዕቃ አጥቦ አያውቅም፣ ውሃ እንኳ አያፈስበትም። ሚኒባሱ ውስጥ ረስቶት ይሰነብታል፣ እሷ የደረቀውን በጥፍሯ እየፋቀች እናቱን ሳይቀር ታነሳለች። እየሳቀ ሳለ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ቆመ።

«ታጥቦ ከመጣ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ አይደለሁም።»

ሁላችንም ሰማነው። እኔ እንደ አስተማሪ ቀዳዳውን ልፈልግ ሞከርኩ፣ ጠባቂ ያጠበው ቢመስላትስ አልኩ። ፖሊስ የሰው ምሳ ዕቃ ሲያጥብ አይታ አታውቅም አለኝ። ጠባቂውስ? ጠባቂው ቢያየው የሚያገኘው ንፁህ ዕቃ ነው። የሌለን ነገር ማን ይፈትሻል። የቀረው ዘዴው «አስቀድመህ አሰናዳ» የሚለው ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ለማጠቢያ የሚሆን ውሃ ለብቻ እናስቀምጥ ተባባልን፤ ከየድርሻችን እየቀነስን በአንድ ፕላስቲክ እናጠራቅም ጀመር። የሰውየው ምሳ ዕቃ ግን በየቀኑ ጎመን እንደደረቀበት ይወጣል። ባለ ባጃጁ ከቀዳዳዋ ይነግረናል። ከፈተች፣ አየች፣ አጉረመረመች፣ ሄደች። ሲያጉረመርሙበት ደስ የሚለው ባል ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

መኪናዋ የመጣችው አመሻሽ ላይ፣ ሐጂ ሶላት ላይ ሳለ ነው። ሞተሯ አልጠፋም። ስሙ ተጠራ። ተነስቶ ጃኬቱን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ በሩ ላይ ያለው ሰው «ዕቃህን ተወው» አለ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። ሾፌሩ ጃኬቱን መልሶ በሥርዓት አጠፈው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና ሁላችንንም አየን።

«ውሃ አትጨርሱ» አለን።

የሚሰማው ሰው ለእኛ ያሰበ ይመስለዋል።

በማግስቱ ጀሪካኑ አልመጣም። ከተማው ውስጥ ውሃ የለም አሉ። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ እንደ ምጣድ ጋለ። ሌሊቱን ባለ ባጃጁ ትኩሳት ይዞት ስለነበር ያጠራቀምነውን አጠጥተነዋል፤ ማንም አልተቃወመም፣ እሱም ምን እንደጠጣ ያወቀው ሲነጋ ነው። ከዚያ ረፋዱ ላይ የሾፌሩ ስም ተጠራ፣ ነጩ ምሳ ዕቃ ገባ።

ቆጮና ጎመን ነበር። ባለ ባጃጁ «ሐጂ፣ ሥጋ የለውም» አለ፣ እንዲበላ። ሦስታችን ከበን በላነው። መብላት ነበረብን። 

ባዶውን ዕቃ መሐላችን አስቀምጠን ተያየን። ያለን ውሃ ሐጂ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠበው፣ ያስቀመጣት በአንዲት ትንሽ ጆግ ያለችው ብቻ ናት። ከገባ ጀምሮ ጥም ቢያቃጥለው እንኳ ከእሷ አይጠጣም። ማንም አልጠየቀውም። እሱ ራሱ ጆጉን አንስቶ ወደ እኔ ገፋ።

«አንተ እጠብ» አለኝ። «የኔ እጅ በርበሬ ነው።»

እኔም አጥቤ አላውቅም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በቁሟ ሳለች ስንቴ ለምናኝ ነበር። ቆጮው ከታሰረበት ቃጫ ቆርጬ፣ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረግኩ፣ ጠርዙን፣ ክዳኑን፣ የክዳኑን ጎድጓዳ ሳይቀር ፈተግኩ። በሸሚዜ ጫፍ አደረቅኩት። ያን የሚያህል ንፁህ ነገር ለዚያ ቤት አይገባውም ነበር።

ሐጂ የሶላቱ ሰዓት ሲደርስ ተነሳ። ውሃ የለም። ወደ ጭቃው ግድግዳ ሄዶ ሁለት መዳፉን አሳረፈበት፣ አራገፈና ፊቱን አበሰ፣ ከዚያ እጆቹን። ግድግዳው የምን ግድግዳ እንደሆነ ከእኛ ሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሶላቱን ጨርሶ ሲዞር ዓይኖቹ ደም መስለዋል፣ እንባው በጺሙ ላይ ይወርዳል።

«አላለቀስኩም» አለ።

ባለ ባጃጁ በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ሄዶ ቀዳዳዋ ላይ ቆመ።

«ተሰጣት» አለ። ከዚያ ቆየ። «ከፈተችው።» እንደገና ቆየ። «በጣቷ ውስጡን ነካችው። ዘጋችው።»

«ጮኸች?» አልኩት።

«አልጮኸችም። ለጠባቂው ‹እግዜር ይስጥልኝ› አለችው መሰለኝ፣ እጅ ነሳች። ፋዘር፣ ግራሩን አለፈችው። ወደ አስፋልቱ ነው፣ እየሮጠች አይደለም። ግን…» አልጨረሰውም።

በማግስቱ ነጩ ምሳ ዕቃ አልመጣም። ጠባቂው የዚህ ሰውዬ ቤተሰብ ምነው ዛሬ ብሎ ጠየቀን። እኛ ምን እናውቃለን።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ አስተማሪ እመስላለሁ። ግን ውሃ ተመልሶ በመጣ ዕለት ባለ ባጃጁ ቢጫውን ምሳ ዕቃ በእጁ እያገላበጠ «ያቺ እናትስ?» አለ። እውነቱን ነው አልን። የሠራ መላ ለምን ለእሷም አይሠራም። ከመጠጫችን ቀንሰን፣ በቃጫ ፈትገን፣ አበባዎቹ እስኪያበሩ አጥበን ላክንላት። ባለ ባጃጁ ቀዳዳዋ ላይ ቆመ። «ከፈተችው» አለን።

«ሳቀች» አለ።

በማግስቱ ቢጫው ምሳ ዕቃ ሲከፈት ሽታው በርበሬውን አሸነፈው። ቆጮው ላይ ለጋ ቅቤ ቀልጦበታል። ልጇ፣ በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ሆኖ፣ እንዳሳደገችው ዕቃዋን አጥቦ የላከላት መስሏት ነበር። ምን ጎድሎብህ ይሆን ብላ ቅቤ ጨመረች።

የዘዴው አባት ስለዚህ ምን እንዳለ አላውቅም። የአንዲት ሴት ምልክት ለሌላዋ ሴት ምልክት አይደለም፤ ነጩ ዕቃ የተናገረው ከተጋቡ ጀምሮ ሲጣሉ ስለኖሩ ነው። ሁለቱ ቅቤውን ሊነኩት አልቻሉም። ባዶ ካልሆነ ደግሞ ዕቃው አይመለስላትም። ስለዚህ እኔ በላሁት።

ከዚያ ብዙም ሳልቆይ መኪናዋ ለእኔ መጣች። ስሜን ጠሩ። «ዕቃህን ያዝ» አሉኝ። ዕቃዬ የማጣበቂያዬ ቆርቆሮ ነው፣ እሱም ደርቋል። ያ የሲቪል ልብስ የለበሰው ሰው ሁለተኛ እንዳልለጥፍ መክሮ ለቀቀኝ።

በነጋታው ረፋድ ግራሩ ሥር ሄጄ ቆምኩ። የወጣቱ እናት ባዶውን ተቀብላ መጣች። ማን እንደሆንኩ፣ ከየት እንደወጣሁ ነገርኳት። ልጇ እዚያ እንደሌለ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሌለ፣ ጫማው ግን እንዳለ ነገርኳት። ሌላ የማውቀው አልነበረም። ቢጫውን ምሳ ዕቃ በሁለት እጇ እንደያዘች አዳመጠችኝ።

«ያጠበው እሱ አልነበረም?»

«አይ። እኛ ነን።»

ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አየች።

«ቅቤውንስ ማን በላው?»

«እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ከስተሃል» አለች፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «ይሁን።» ከዚያ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ አስፋልቱ ሄደች።

ሾፌሩን ሚስቱ አግኝታዋለች። ሽማግሌዎቹ ዕለቱኑ ተነስተው በሌላ መንገድ ላይ ባለ ከተማ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ እንዳለ ደረሱበት። በር ላይ ተቀምጠው አልነሳም አሉ። አንዴ የታየ ሰው መልሶ እንዳልታየ ማድረግ ይከብዳል። ወራት ቆይቶ ተፈታ። ግራ እጁ ሙሉ በሙሉ አይጨበጥለትም፣ ሚኒባሱን ግን ይነዳል። ዕቃ ላጥብ ቢል ሚስቱ አታስነካውም፤ የታጠበ ምሳ ዕቃ በእሱ እጅ ማየት አትፈልግም። ባለ ባጃጁም ሐጂም ወጥተዋል፤ ሐጂ ቡታጅራ ሱቁ አለ። ስንገናኝ «ጆጌን ሙላልኝ» ይለኛል፣ ስሞላለት ይደፋውና እንደገና ይጠይቀኛል፤ ሌላ ሥራ የለንም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምራለሁ። ማስታወቂያ አልለጥፍም። አመሻሽ ላይ ደጄ የቆመ መኪና ሞተሩ ካልጠፋ ግን የማስተምረውን ረስቼ ዝም እላለሁ፣ ተማሪዎቼም የማስብ ይመስላቸዋል።

የወጣቱ ወሬ እስከ ዛሬ የለም። እናቱ እየዞረች ነው፤ ቡኢ ድረስ ሄዳ ጠይቃለች። እኔም አንዳንዴ አብሬያት እሄዳለሁ፣ የተማረ ሽማግሌ ከጎንሽ ሲኖር በር ላይ ቶሎ አያባርሩም ይባላል፣ እስካሁን ግን ቶሎ ያባርሩናል። ባለፈው ከገበያ ጥሩ ቅቤ በኮባ አስጠቅልዬ ቤቷ ወሰድኩ። አልተቀበለችኝም። ቁጣም አልነበረባት።

«እሱ ሲመጣ» አለችኝ፣ «አብራችሁ ትበሉታላችሁ። ያኔ ታመጣለህ።»

ይዤው ተመለስኩ። የበላሁት ለጋ ቅቤ ነበር፤ ዕዳው ግን ከርሟል።